ሐረማያ፡ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ሕዝብ፣ ኢኮኖሚና የውኃ ጉዳይ

በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን የምትገኘው ሐረማያ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 510 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከድሬዳዋ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ ስሟ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ሊታወቅ የቻለው በአቅራቢያዋ በተተከለው የግብርና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በመባል ይጠራል።

የከተማዋና የዩኒቨርሲቲው ታሪክ ግን ተለያይቶ የሚነገር ቢመስልም በሦስት ነገሮች የተሳሰረ ነው። እነዚህም መሬት፣ ገበያና ውኃ ናቸው። አንድ ትልቅ የትምህርት ተቋም በአንዲት አነስተኛ ከተማ አጠገብ ሲቋቋም የሕዝቡን ስብጥር፣ የሥራ ዕድሉንና የተፈጥሮ ሀብቱን እንዴት እንደሚለውጥ፣ ምንስ ሳይለውጥ እንደሚቀር ለመረዳት ሐረማያ ጥሩ ማሳያ ናት። በአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ በከፍተኛ ደረጃ በመጨመሩና አብዛኞቹም በመካከለኛና በአነስተኛ ከተሞች የተገነቡ በመሆናቸው፣ የሐረማያ ተሞክሮ በከተማ ፕላን፣ በበጀትና በውኃ ሥራ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ጠቀሜታው የጎላ ነው።

የኮሌጁ አመሠራረት

የኮሌጁ መነሻ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት መካከል የተደረገው የቴክኒክ ትብብር ነው። በወቅቱ የኦክላሆማ የግብርናና የሜካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአገሪቱ የግብርና ትምህርት በሚስፋፋበት ሁኔታ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር መክረዋል። ዶክተር ቤኔት በኋላ "ፖይንት ፎር" ተብሎ የሚታወቀውን የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ መርሐ ግብር እንዲመሩ የተሾሙ ሲሆን፣ በ1944 ዓ.ም ታኅሣሥ ወር በኢራን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። የወጠኑት ሥራ ግን አልቆመም። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በኢትዮጵያ መንግሥትና በኦክላሆማው ኮሌጅ መካከል የትብብር ውል ተፈርሟል።

ሥራው የተጀመረው በጅማ ነበር። የጅማ የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1945 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚያው በጅማ ነው። የዓለማያው ግቢ ግንባታ ሲገፋ ኮሌጁ በ1949 ዓ.ም ወደ ሥፍራው የተዛወረ ሲሆን፣ በጥር ወር 1950 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በይፋ ተመርቋል።

ኮሌጁ የተዋቀረው በአሜሪካ "የላንድ ግራንት" ኮሌጆች አምሳያ ነው። ይህ አሠራር ማስተማርን፣ ምርምርንና የምርምርን ውጤት ለገበሬው ማዳረስን በአንድ ተቋም ሥር የሚያጣምር ነው። ይሁንና ሦስቱ ተግባራት በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ አብረው አልዘለቁም። የኤክስቴንሽን ሥራው እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ ግብርና ሚኒስቴር የተዛወረ ሲሆን፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም ሲቋቋም ደግሞ የምርምሩ አገር አቀፍ ኃላፊነት ለአዲሱ ተቋም ተሰጠ። ኮሌጁ በማስተማርና በራሱ ምርምር ላይ ቢቀጥልም ከገበሬው ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው መዋቅር ከእጁ ወጥቷል። ይህ ውሳኔ በኮሌጁና በአካባቢው ነዋሪ መካከል በነበረው ግንኙነት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ቀላል አልነበረም።

የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በ1960 ዓ.ም ውላቸው አብቅቶ ኃላፊነቱን ለኢትዮጵያውያን አስረክበዋል። ኮሌጁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ከቆየ በኋላ በግንቦት ወር 1977 ዓ.ም የዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ራሱን ችሏል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ፋኩልቲዎች ሲከፈቱለት ከእርሻ ተቋምነት ወደ ሁለገብ ዩኒቨርሲቲነት ተሸጋገረ። በ1998 ዓ.ም ስሙ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተለወጠ ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ከተለዩት ስምንት የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው።

የሕዝብ ብዛትና ስብጥር

በ1999 ዓ.ም የተካሄደው ሦስተኛው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንደሚያመለክተው የሐረማያ ወረዳ ጠቅላላ ሕዝብ ከ271 ሺህ በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከ50 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ፣ ማለትም 18 በመቶ ያህሉ ነው። ይህ ቁጥር ሐረማያን ብቻ ሳይሆን በወረዳው የሚገኙትን ሌሎች ከተሞች፣ በተለይም የጫት ገበያዋን አወዳይን ያጠቃልላል። በጊዜው ይህ የከተማ ነዋሪ ድርሻ ከአገር አቀፉ አማካይ ብዙም የራቀ አልነበረም። በአንድ ጠባብ ወረዳ ውስጥ ከ270 ሺህ ሕዝብ በላይ መኖሩ ግን የአካባቢውን ጥግግት በግልጽ ያሳያል።

የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው የኦሮሞ ተወላጅ ሲሆን ከ90 በመቶ የሚበልጠው የእስልምና እምነት ተከታይ ነው። ሕዝቡ በዋናነት የሚግባባው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን በከተማዋ የንግድ ሥፍራዎች አማርኛም ይነገራል። ወደ ሐረርና ወደ ጅጅጋ የሚዘልቀው የንግድ መስመር ደግሞ የሐረሪና የሶማሊ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ከነዋሪው ጋር ያገናኛል።

ከዩኒቨርሲቲው አጥር ወዲያ ያለው ስብጥር ከዚህ የተለየ ነው። ተማሪዎች ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመደቡት በአገር አቀፍ ምደባ በመሆኑ በግቢው ውስጥ ከሁሉም የአገሪቱ ክልሎች የመጡ ወጣቶች ይኖራሉ። በአንድ ዶርም የሚያድሩ ተማሪዎች የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ፣ የተለያየ እምነት የሚከተሉ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። በዚህም የተነሳ በአምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ሁለት ዓይነት የሕዝብ ገጽታ ይታያል። በአንድ በኩል ቤተሰብ የመሠረተ፣ ልጆችና አረጋውያን ያሉበት፣ ኑሮውን በእርሻና በንግድ ላይ የመሠረተ ነዋሪ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ዕድሜው ከሞላ ጎደል ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆነ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ቆይቶ የሚሄድና በየዓመቱ በአዲስ የሚተካ ነዋሪ ይገኛል።

ይህ ሁኔታ ለቆጠራና ለዕቅድ ሥራ የራሱ ፈተና አለው። ተማሪው የት ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ የከተማን የነፍስ ወከፍ ውኃ፣ የጤና ተቋም፣ የፀጥታና የመንገድ ፍላጎት የሚወስን ነው። አራተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ በ2011 ዓ.ም ሊካሄድ ታቅዶ ከተራዘመ በኋላ የዕቅድ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ከ1999ኙ ቆጠራ በመነሳት በተሠሩ ትንበያዎች ነው። ትንበያ የሚሠራው በውልደት፣ በሞትና በፍልሰት አማካይ ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቅበላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጥፍ ማደጉን በራሱ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች የሕዝብ ትንበያ ከተቋሙ የቅበላ ዕቅድ ጋር ካልተናበበ የአገልግሎት አቅርቦቱ ከፍላጎቱ በታች ሆኖ ይቀራል።

የኢኮኖሚው መሠረት

የሐረማያና የአካባቢዋ ኢኮኖሚ በቅድሚያ የሚቆመው በእርሻ ላይ ነው። ማሽላና በቆሎ ዋነኞቹ የምግብ ሰብሎች ሲሆኑ፣ ድንች፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር በመስኖ ይመረታሉ። አትክልቱ ለሐረርና ለድሬዳዋ ገበያ ከመቅረቡም በላይ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊላንድ ይላካል። የሐረርጌ ገበሬ በሬ በማደለብ ሥራውም የታወቀ ነው። ከማሽላና ከበቆሎ ማሳ የሚነቀለውን ችግኝና የሚመለመለውን ቅጠል ለበሬው እየመገበ የሚያደልበው "የሐረር ሰንጋ" በመሐል አገር ገበያ ጭምር ተፈላጊ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የጥሬ ገንዘብ ምንጩ ጫት ነው። ከሐረማያ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አወዳይ በአገሪቱ ከሚገኙት የጫት ገበያዎች ግንባር ቀደሟ ናት። ጫት ከተቆረጠ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለተጠቃሚው መድረስ ያለበት በመሆኑ በዙሪያው ፈጣን የሥራ ሰንሰለት ይፈጥራል። ቆራጩ፣ አሳሪው፣ ደላላው፣ ጫኙ፣ ሾፌሩና ቀረጥ ሰብሳቢው ሁሉ የዚህ ሰንሰለት አካል ናቸው። ምርቱ በየዕለቱ ወደ ሶማሊላንድና ወደ ጅቡቲ የሚጓጓዝ ሲሆን፣ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ሸቀጦች ተርታ ለረጅም ዓመታት ተሰልፏል።

ገበሬው ማሳውን ከማሽላ ወደ ጫት ያዞረው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። በአካባቢው የአንድ ቤተሰብ ይዞታ አነስተኛ ሲሆን በውርስ እየተከፋፈለ ይሄዳል። ከግማሽ ሄክታር በታች ከሆነ መሬት ቤተሰብን ዓመቱን ሙሉ የሚመግብ እህል ማምረት የማይቻልበት ጊዜ ሲመጣ፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚቆረጥና በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ተክል መምረጡ የሚጠበቅ ነው። ይሁንና ይህ ምርጫ ነዋሪውን በምግብ እህል ገበያ ላይ ጥገኛ ያደርገዋል። የጫት ዋጋ ሲወርድ ወይም የድንበር ንግድ ሲስተጓጎል ጉዳቱ ከማሳው አልፎ እስከ ሱቁና እስከ ባጃጁ ይደርሳል። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2014 ጫትን መከልከላቸው የአውሮፓውን ገበያ የዘጋው ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የጎረቤት አገሮች ገበያ ወሳኝነት ይበልጥ ጨምሯል።

የዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ድርሻ

ዩኒቨርሲቲው ለአካባቢው ቋሚ ደመወዝ የሚያስገኝ ትልቅ ቀጣሪ ነው። መምህራንና ተመራማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የእርሻ ሠራተኞች፣ የምግብ ቤት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ ሾፌሮች፣ ግንበኞችና የጽዳት ሠራተኞች ኑሯቸውን የመሠረቱት በተቋሙ ላይ ነው። በእነዚህ የሥራ መስኮች የአካባቢው ተወላጆች ድርሻ ከፍ ያለ ሲሆን፣ የመምህርነቱን ሥራ የሚይዘው በአመዛኙ ከሌላ ሥፍራ የመጣ ባለሙያ ነው። የደመወዙ ልዩ ጠቀሜታ ከጫት ገበያ ጋር አብሮ የማይዋዥቅ መሆኑ ነው። ዋጋ በወረደበት ወር እንኳ የተወሰነ ገንዘብ በከተማዋ እንዲዘዋወር ያደርጋል።

በዩኒቨርሲቲው አጠገብ የምትገኘው ባቴ ይህ ጥገኝነት በግልጽ የሚታይባት ሥፍራ ናት። ምግብ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶች፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶችና የሚከራዩ ክፍሎች ደንበኛቸው ተማሪውና ሠራተኛው ነው። ንግዱም የዩኒቨርሲቲውን የትምህርት ካሌንደር ይከተላል። ተማሪ ሲገባ ይደምቃል፤ በዕረፍት ወራት ይቀዘቅዛል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው በሸኙበት ወቅት እንደታየው፣ በአንድ ተቋም ላይ ብቻ የቆመ ንግድ ተቋሙ ሲዘጋ መጠጊያ አይኖረውም።

ሆኖም የተማሪው ቁጥር ብዛት ከሚያስገምተው አንጻር ሲታይ ከግቢው ወደ ከተማው የሚፈሰው ገንዘብ ውስን ነው። ለዚህም ዋናው ምክንያት የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት አሠራር ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመደበኛ ተማሪው መኝታና ምግብ የሚቀርበው በተቋሙ ነው። በ1995 ዓ.ም በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው ከወጪው የሚጋራውን ከምረቃ በኋላ ከገቢው የሚከፍል በመሆኑ በትምህርት ላይ ሳለ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ አነስተኛ ነው። ቤት አይከራይም፤ አስቤዛም አይገዛም። የተማሪውን ቀለብ የሚገዛው ተቋሙ ሲሆን ግዢውም በመንግሥት የግዢ ሥርዓት በጨረታ የሚፈጸም ነው። ትልቅ መጠን በአንድ ጊዜ ለማቅረብ፣ ዋስትና ለማስያዝና ክፍያ እስኪፈጸም ለመጠበቅ አቅም የሌለው የአካባቢው አነስተኛ አምራች በእንዲህ ዓይነቱ ጨረታ ተወዳዳሪ ለመሆን ይቸገራል። ከአጥሩ አጠገብ ድንች የሚያመርተው ገበሬ ምርቱን ለግቢው የሚያደርሰው በነጋዴ በኩል ሊሆን የሚችለውም ለዚህ ነው። ገበሬዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አደራጅቶ ከተቋማት ጋር በቀጥታ ማስተሳሰር ለዚህ ችግር የሚጠቀስ አንዱ መፍትሔ ነው።

የስቲልዋተር ንጽጽር

ይህንን ልዩነት በሚገባ ለመረዳት የሐረማያ ኮሌጅ "እናት ተቋም" የሚገኝባትን ከተማ መመልከት ይጠቅማል። በኦክላሆማ ግዛት የምትገኘው ስቲልዋተር እ.ኤ.አ. በ1889 የተቆረቆረች ስትሆን፣ ኮሌጁ የተቋቋመላት ከአንድ ዓመት በኋላ በ1890 ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1957 የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 48 ሺህ 394 ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው የሚማሩት ደግሞ ከ20 ሺህ በላይ ናቸው።

በአሜሪካ የቆጠራ አሠራር የኮሌጅ ተማሪዎች ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚቆጠሩት በወላጆቻቸው ቤት ሳይሆን በሚማሩበት ከተማ ነው። በዚህም የተነሳ የስቲልዋተር ነዋሪ አማካይ ዕድሜ ከግዛቲቱ አማካይ በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል። ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች ገቢያቸው ዝቅተኛ በመሆኑ የከተማዋ የድህነት መጠን ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ አኃዝ ግን የሥራ እጦትን ሳይሆን የተማሪውን የኑሮ ደረጃ የሚያሳይ ነው። አኃዙን ያለ ማብራሪያ የሚያነብ ባለሥልጣን ከተማዋ በችግር ላይ ናት ብሎ ሊደመድም ይችላል።

በስቲልዋተር ተማሪው ተከራይ፣ ሸማችና ከትምህርቱ ጎን ለጎን በትርፍ ሰዓት ተቀጣሪ ነው። የከተማዋ የቤት ኪራይ፣ የችርቻሮ ንግድና የሽያጭ ግብር ገቢም በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። በሐረማያ ግን ተማሪው በግቢው ውስጥ ይኖራል፤ ይመገባል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኮሌጅ አምሳያ ቢቀረጹም ከተቋሞቻቸው የሚያገኙት የኢኮኖሚ ጥቅም የተለያየ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ንጽጽሩ አንዱ አሠራር ከሌላው ይበልጣል ለማለት የሚያበቃ አይደለም። የሐረማያው አሠራር ከድሃ ቤተሰብ የመጣውን ተማሪ ከቤት ኪራይና ከምግብ ጭንቀት ያሳረፈ ነው። ነገር ግን "ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ከተማ በራሱ ያድጋል" የሚለው ግምት በሁሉም ሥፍራ እኩል እንደማይሠራ ያስገነዝባል።

የሐይቁ መድረቅ

ሐረማያ የሚለው ስም የመጣው "ሐሮ ማያ" ከሚለው ሲሆን "ሐሮ" በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ማለት ነው። ከተማዋም ሆነች ዩኒቨርሲቲው የተሰየሙበት ይህ ሐይቅ ለአካባቢው የመስኖ፣ የዓሣና የከብት ውኃ ምንጭ ከመሆኑም በላይ ለሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት የመጠጥ ውኃ ሲያቀርብ ቆይቷል።

የሐይቁ ውኃ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም ገደማ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ቀደም ሲል ጀልባ ይቀዘፍበት የነበረው ሥፍራ ከብት የሚሰማራበትና የሚታረስ ሜዳ ሆነ። በአቅራቢያው የሚገኙ አነስተኛ ሐይቆችም ተመሳሳይ ጉዳት ደርሶባቸዋል።

ለመድረቁ የሚጠቀሰው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ደን መመናመን ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ እንዲያወርድ በማድረጉ የሐይቁ ወለል በደለል ተሞላ። የጫትና የአትክልት መስኖ ሲስፋፋ በሐይቁ ዳርቻ የሚተከሉ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ቁጥር ጨመረ። ለሐረር ከተማ የሚሳበውም ውኃ ከሕዝቡ ብዛት ጋር አብሮ አደገ። ሐይቁ ጥልቀት የሌለውና ሰፊ ገጽ ያለው በመሆኑ በትነት የሚባክነውም ከፍተኛ ነበር። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚወስደው በራሱ ሲታይ ምክንያታዊ ሲሆን፣ ድምሩ ግን ሐይቁ ከሚተካው በላይ ሆነ።

ለመንግሥት ሠራተኛው ትምህርት የሚሆነው ጉዳይ የአስተዳደሩ መልክ ነው። ሐይቁና በዙሪያው ያለው የእርሻ መሬት በኦሮሚያ ክልል ይገኛል። ውኃውን ለመጠጥ ስትጠቀም የነበረችው ሐረር የሐረሪ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ስለ አፈርና ውኃ ጥበቃ ሲያስተምርና ሲመራመር የቆየው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ሦስቱም ወገኖች ስለ ሐይቁ የየራሳቸው መረጃና ጥቅም ነበራቸው። በዩኒቨርሲቲው የተሠሩ ጥናቶችም የውኃውን መቀነስ አስቀድመው አመላክተው ነበር። ይሁንና የጥናት ውጤት በራሱ ሞተር አያቆምም፤ እርከንም አይሠራም። በየዓመቱ ምን ያህል ውኃ መሳብ እንደሚቻል የሚወስንና ውሳኔውን የሚያስከብር የጋራ አካል ከሌለ እውቀትና እርምጃ ይለያያሉ።

የመድረቁ ዋጋ ከባድ ነበር። ሐረር ለከፍተኛ የውኃ እጥረት በመዳረጓ፣ በድሬዳዋ አካባቢ ከሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ በረጅም መስመር እየተገፋ እንዲመጣላት ፕሮጀክት መዘርጋት ግድ ሆኗል። ቆላ ላይ ከሚገኝ ጉድጓድ ወደ ደጋ ውኃ መግፋት ደግሞ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ወጪ ያስከትላል። በሐረማያ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎችም ሐይቁ ሲርቅባቸው ጉድጓድ እየቆፈሩ የከርሰ ምድሩን ውኃ መሳብ ቀጠሉ። አቅም ያለው ጠልቆ ሲቆፍር አቅም የሌለው የሚተርፈው በዝናብ ላይ ብቻ መመካት ነው።

የውኃው መመለስ

ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ባሉት ዓመታት በሐይቁ ሥፍራ ውኃ እንደገና መተኛት ጀምሯል። ለዚህም ጥሩ ዝናብ ከመጣሉ ባሻገር በተፋሰሱ ላይ የተሠሩ እርከኖች፣ የችግኝ ተከላና ደለል የማስወገድ ሥራዎች አስተዋጽዖ እንዳደረጉ ይነገራል። በሥራው የአካባቢው ኅብረተሰብ፣ የየደረጃው አስተዳደርና ዩኒቨርሲቲው ተሳትፈዋል። ወፎች ወደ ሥፍራው የተመለሱ ሲሆን፣ ሐይቁን የሚያውቁ አዛውንትና ከደረቀ በኋላ የተወለዱ ወጣቶች በአንድነት ዳርቻው ላይ ለመቆም በቅተዋል።

ይሁንና የመጀመሪያውን መድረቅ ያስከተሉት ምክንያቶች አልተወገዱም። የሕዝቡ ቁጥር ከቀድሞው ይበልጣል፤ የመስኖ እርሻውም ሰፊ ነው። ሐይቁ ሲደርቅ በወለሉ ላይ ማረስ የጀመሩ ቤተሰቦች ውኃው ሲመለስ የሚያጡት መሬት አለ። የእነዚህ ቤተሰቦች ጥያቄ ካልተመለሰ የሐይቁ መመለስ ለሁሉም እኩል ደስታ አይሆንም።

የምርምር ውጤቶች

ዩኒቨርሲቲው ለአካባቢውና ለአገሪቱ ያበረከተው ድርሻ በደመወዝና በገበያ ብቻ የሚለካ አይደለም። "ዓለማያ ኮምፖዚት" የተባለውን የበቆሎ ዝርያ ጨምሮ የድንችና የሌሎች ሰብሎች የተሻሻሉ ዝርያዎች የወጡት ከዚሁ ተቋም ነው። የኢትዮጵያ የማሽላ ማሻሻያ መርሐ ግብር የተጀመረውም በዓለማያ ሲሆን፣ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ሥፍራዎች የተሰበሰቡ የማሽላ ዘሮች በዚያ ተጠንተዋል።

ከተቋሙ ተመራቂዎች መካከል ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይጠቀሳሉ። በጅማ የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ፣ ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ዩኒቨርሲቲው በሐረር በሚገኘው የጤና ኮሌጁና ከእርሱ ጋር በተያያዘው የሕይወት ፋና ሆስፒታል አማካኝነት ለምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። በጭሮ የነበረው ካምፓሱ ደግሞ ዛሬ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ራሱን ችሏል።

የከተማዋ አስተዳደርና መጪው ጊዜ

በቅርብ ዓመታት ሐረማያ፣ አወዳይ፣ አዴሌና በአቅራቢያቸው የሚገኙ ሥፍራዎች ማያ በተባለ አንድ የከተማ አስተዳደር ሥር እንዲጠቃለሉ ተደርጓል። ይህ አደረጃጀት በዋናው መንገድ ላይ ተከታትለው የሚገኙትን የገበያ፣ የእርሻና የትምህርት ማዕከላት በአንድ ፕላን ለማየት ዕድል ይሰጣል። ከዚህ ቀደም ጫቱ የሚሸጥበት፣ ውኃው የሚተኛበትና ተማሪው የሚኖርበት ሥፍራ በተለያየ አስተዳደር ሲታቀድ ቆይቷልና።

በሌላ በኩል ከተማ ሲሰፋ የሚሰፋው በእርሻ መሬት ላይ ነው። ይዞታው አስቀድሞ ባነሰበት አካባቢ እያንዳንዱ የግንባታ ቦታ ከአንድ ቤተሰብ ማሳ የሚነሳ በመሆኑ የካሣና የመልሶ ማቋቋም ጉዳይ ከፕላኑ ጋር አብሮ መታየት ይኖርበታል። የተፋሰሱ የላይኛው ክፍል በቤትና በአስፋልት ሲሸፈን ደግሞ ዝናቡ ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ በጎርፍ መልክ ወርዶ ሐይቁን በደለል የመሙላት ዕድሉ ይጨምራል።

የሐረማያ ተሞክሮ ሲጠቃለል ሦስት ነጥቦችን ያስጨብጣል። የመጀመሪያው፣ የዩኒቨርሲቲ ከተማ የሕዝብ ቁጥር ከተቋሙ የቅበላ ዕቅድ ጋር ተናቦ መያዝ እንዳለበት ነው። ሁለተኛው፣ ተቋሙ ለከተማው የሚሰጠው ጥቅም በተማሪው ቁጥር ብዛት ሳይሆን ተቋሙ ምን፣ ከማን፣ እንዴት እንደሚገዛና ማንን እንደሚቀጥር የሚወሰን መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ከተማውም ገበሬውም ተቋሙም የሚጠጡት ከአንድ ተፋሰስ እስከሆነ ድረስ ውኃው በአንድ የጋራ ሒሳብ መመራት እንዳለበት ነው። ሐይቁ አንድ ጊዜ ደርቆ ተመልሷል። ዳግመኛ እንዳይደርቅ ማድረግ በተፋሰሱ ውስጥና በዙሪያው ያሉት አስተዳደሮች፣ ዩኒቨርሲቲውና ነዋሪው በየዓመቱ በጋራ በሚወስዱት ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ነው።